ከጥቁሩ ኮረብታ ጀርባ

የድሬዳዋን ጫት የጫነው መኪና ጡሩንባውን እያስጮኸ የጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ወደ መኪናው ሮጠ። ሩቅያ ግን በተቃራኒው ነበር የምትሮጠው። ቴርሞስና ባልዲ የምትሸጥበትን ሱቋን አልዘጋችም፤ መጋረጃውን እንኳ አላወረደችም። ሽርጥ የታጠቁ ወንዶች ትከሻዋን እየገጩ ሲያልፉ ሻሿ ወርዶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፤ እሱንም አላስተካከለችም።

ወሬውን ያደረሰቻት ከፊት ለፊቷ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ይመኙሻል ነበረች።

«አንዲት ያገር ቤት ልጅ መጥታ ነበር» አለቻት። «ሆዳን ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የወታደር ፎቶግራፍ ይዛ በየሱቁ ታሳያለች። ሻለቃ ሽብሩ የሚባል መድፈኛ አታውቁም ወይ ትላለች። እኔ ከየት አውቄ! ሩቅያን ልጠይቅልሽ ብያት ነበር፤ አልጠበቀችኝም።»

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ ሥጋ ተራ።»

ሩቅያ ሌላ አልጠየቀችም። እግሯ ቀድሟት ሄዷል።

በጅቡቲ ከተማ ሻለቃ ሽብሩ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከእሷ በቀር አልነበረም። ባሏን ከተማው የሚያውቀው አብዱላሂ ብሎ ነው። ሥራውን ደርበው ደግሞ አብዱላሂ ዲሽ ይሉታል፤ በየሰዉ ጣሪያ እየወጣ የቴሌቪዥን ዲሽ ይተክላል። ሌሎቹ ተካዮች ዲሹን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ ይውላሉ። እሱ ኮምፓሱን አይቶ፣ ሰማዩን አይቶ፣ አንዴ ያዞረዋል፤ ከታች ከቤት ውስጥ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ይህን ከየት ተማርከው ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

እሷ ታውቃለች። በ1983 ዓ.ም. አሰብ ስትወድቅ፣ የሸሸው ጦር በረሃውንና ባሕሩን እያቋረጠ ወደ ጅቡቲ ሲጎርፍ፣ ጀልባ የነበረው ወንድሟ ከኦቦክ በወባ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው አሳፍሮ አመጣ። የሰውዬው ቀኝ ጆሮ አይሰማም። ሸሚዙ ትከሻ ላይ የማዕረግ ምልክቱ የተነቀለበት ቦታ ፀሐይ ሳይነካው ቀርቶ ከሌላው ጎላ ብሎ ይታያል። ሩቅያ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች በቤቱ አማርኛ የምትችል እሷ ብቻ ነበረች፤ ያስታመመችውም እሷ ሆነች። ሲሻለው ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በሰው በሰው አስፈለገ፤ ከጦር ሰፈሩ ወጥተው የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ። ከዓመት በኋላ ሰለመ፤ አገባት። ኒካህ ባሰሩ ማግስት አንድ ነገር ብቻ አዘዛት።

«ሽብሩን የሚፈልግ ሰው ከመጣ፣ ፎቶ ይዞ ከመጣ፣ ሞቷል በይው።»

ማንን እንደሚፈራ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም።

አሁን ጥር 1991 ነው፤ ኢድ ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላም። ባለፈው ግንቦት በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተነሣው ጦርነት ለጊዜው ጋብ ቢልም፣ ሁለቱም ወገን ምሽግ እየቆፈረ መሆኑን ገበያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያወራል። የአሰብ ወደብ ስለተዘጋ የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ከተማው በኢትዮጵያ መኪናዎችና ሾፌሮች ተጥለቅልቋል። ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር በዚህ ጊዜ እንደሚመጣ ሩቅያ ስትፈራ ከርማ ነበር። የመጣችው ግን በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ የቆመች አንዲት ሠራተኛ ናት።

ከሥጋ ተራው ጥግ ጥላ ሥር ቆማ አገኘቻት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሩቅያ ፎቶውን ማየት አላስፈለጋትም፤ ቅንድቧን አይታ ጨርሳለች። ሙኒራ፣ የአምስት ዓመቷ ልጇ፣ ስትቆጣ የምታኮሳትረው ያንኑ ቅንድብ ነው።

«አንቺ ነሽ መድፈኛ የምትፈልጊው?»

ልጅቷ ደንገጥ ብላ ቀና አለች። «አዎ እትዬ። ያውቁታል?»

«አሳዪኝ እስቲ።»

ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አንድ ወጣት መኮንን ክንዱን መድፍ ላይ አስደግፎ ይስቃል። ጢም የለውም። ሩቅያ ባሏ እንዲህ አፉን ከፍቶ ሲስቅ አንድ ቀን አይታው አታውቅም። ይህ ከፍርሃቷ ሁሉ ይልቅ ወጋት።

«አላውቀውም» አለች። «ሞቶም ይሆናል። ያኔ ከአሰብ ከመጡት ስንቱ ነው ያለቀው!»

«አልሞተም» አለች ልጅቷ። «አብሮት የነበረ አንድ አሥር አለቃ አምና ለእናቴ ነገራት። ጅቡቲ ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየሁት፣ በስሙ ብጠራው አልሰማኝም አላት። እናቴ በዚያው ሰሞን አረፈች።»

«ብታገኚው ምን ይሆንልሻል?»

«ሰው ይሆነኛላ!» ጥያቄው ገርሟታል። «ወንድሜም ሄደብኝ። ደጉ ይባላል፤ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ተመዘገበ። የመድፈኛ ልጅ ነኝ ብሎ መድፈኛ ክፍል ገባ። አሁን በአሰብ መንገድ፣ ቡሬ ግንባር ነው ያለው።»

«አላህ ይጠብቀው።»

«ደህና ቦታ ነን ብሎኛል። በገና ሰሞን ወደ ኋላ ሲወጣ ስልክ አግኝቶ ደወለልኝ። የተኛ ግመል የሚመስል ጥቁር ኮረብታ አለ፤ ከጀርባው ግራር ያለበት ሸለቆ አለ፤ መድፎቹን እዚያ ነው የደበቅናቸው፤ ከየትም አንታይም፤ አታስቢ አለኝ።»

«ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ» አለቻት ሩቅያ። ፎቶውን መለሰችላት። ስሟንና የምትሠራበትን ቤት ጠየቀቻት። ትሁን ትባላለች፤ ሆዳን ውስጥ ማዳም ሳፊያ ቤት ናት። «አንድ ነገር ከሰማሁ እልክብሻለሁ» አለች፤ ልትልክባት አላሰበችም ነበር። ወደ ሱቋ ተመለሰች። ነገሩም በዚህ ያለቀ መሰላት።

ያን ዕለት ካርቲዬ ሲስ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ አብዱላሂ ደህናውን ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠግቶ የአማርኛውን ዜና ይሰማ ነበር። ሙኒራ ጭኑ ላይ ተኝታለች። ዜናው ቡሬ የሚለውን ስም ሲጠራ ጠጉሯን የሚደባብሰው እጁ ድንገት ቆመ። ሩቅያ ይህን አየች። ዝም ማለት ነበረባት፤ አልቻለችም።

«ያ ቡሬ የሚሉትን ቦታ ታውቀዋለህ?»

ስለ ወታደርነቱ ጠይቃው አታውቅም ነበር። የሚቆጣ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ይህን የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ እንደኖረ ሁሉ ሬዲዮውን ዘጋና የቴርሞሱን ክዳን ምንጣፉ መሀል ደፍቶ አስቀመጠ።

«አራት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ይሄ ከፍታው ነው በይ። መድፎቼ እዚህ ላይ ነበሩ። አሁን ኤርትራውያኑ ያሉት እዚሁ ላይ ነው።» ከሳህኑ የቴምር ፍሬ አንስቶ ከክዳኑ ራቅ አድርጎ አኖረ። «ከምዕራብ የሚመጣ ጦር መድፉን የት ይደብቃል ብዬ አገሩን በእግሬ ዞርኩት። አንድ ጥቁር ኮረብታ አለ፤ የተኛ ግመል ነው የሚመስለው። ከጀርባው ሸለቆ አለ። ጥላ አለው፤ ከየትም አይታይም። የትኛውም የመድፍ አዛዥ ሲያየው ልቡ ነው የሚደሰተው። እኔም ብሆን እዚያ ነው የምገባው።»

ሩቅያ የቴምሩን ፍሬ ትኩር ብላ አየችው።

«ስለዚህ ቁጥር አወጣሁለት» አለ።

«ቁጥር ምንድነው?»

«ርቀቱን፣ አቅጣጫውን፣ አፈሙዙ ምን ያህል ቀና እንደሚል አሰላን። ተኩሰን ሞከርን፣ አረምን፣ በልባችን ያዝነው። ከዚያ በኋላ ሸለቆውን ማየት አያስፈልግም። ለመድፉ ቁጥሩን መስጠት ነው። እዚያ የገባ አይወጣም።»

«ቁጥሩን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ?»

«ከእኔ ጋር የሚያሰላ አንድ ወጣት ወታደር ነበረኝ። ዮሳዲቅ ይባላል፤ የአሰብ ልጅ ነው። እንደሱ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም። ያወቅሁትን ሁሉ አስተማርኩት። እኛ ስንሸሽ እሱ አገሬ ነው ብሎ ቀረ።» የክዳኑን አናት በጣቱ መታ መታ አደረገ። «አሁን እዚህ ላይ ነው የሚሆነው። ሌላ ማንን ያስቀምጣሉ?»

«ታዲያ ሸለቆው ውስጥ ሰው ቢኖር እስካሁን አይተኩስም ነበር?»

«አስተምሬዋለሁ አልኩሽ እኮ! ያወቅሽውን ቦታ ቶሎ አትነኪውም። እስኪሞላ ትጠብቂያለሽ። ትልቁ ውጊያ ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ሰዓት ነው የምትጨርሺው።» ፊቱ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር አልፎ ጠፋ። የቴምሩን ፍሬ ወደ ሳህኑ መለሰ። «ምነው ጠየቅሽኝ?»

«በሬዲዮ ሰምቼ ነው» አለች።

በዚያ ምሽት ሩቅያ አባትም ሆነ ልጅ የማያውቁትን አወቀች። ትሁን አባቷ የት እንዳለ አታውቅም። አባትየው ልጁ የት እንዳለ አያውቅም። ሁለቱን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ብትናገር ባሏ ይሄዳል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የላትም። ካልተናገረች ደግሞ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ሱቋን መክፈት፣ ምሳ መሥራት፣ ልጇን ማጠብ ብቻ ነው። ልጁን አይታው አታውቅም። ከሌላ ሴት የተወለደ፣ በሌላ አገር ያደገ፣ በራሱ ፈቃድ ጦር ሜዳ የሄደ ጎረምሳ ነው። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች። በየጊዜው እውነት መሰላት፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

በማግስቱ ጠዋት ቴርሞስ ሊገዛ ጫላ መጣ። ጫላ ከናዝሬት የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ በገባ ቁጥር ሱቋ ጎራ ሳይል አያልፍም። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ምነው ጫላ፣ አልተኛህም እንዴ?»

«የት ልተኛ አቦ! ዲቾቶ ላይ፣ የአሰብ መንገድ የሚገነጠልበት፣ መንገድ ዘግተው አሳደሩን። መድፍ የሚጎትት መኪና ወደ ቡሬ ሲያልፍ ነው ያደረው። ማለቂያም የለው። አንዱን ወታደር ይህ ሁሉ የት ይገባል ስለው፣ ቦታ አለን፣ እሱም ሊሞላ ነው አለኝ።»

ሩቅያ ለመጠቅለል ያነሣችውን ቴርሞስ መልሳ አስቀመጠችው። «መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ዛሬ ጭኜ ከሰዓት እወጣለሁ። ፔካ ዱዝ፣ የመኪናው መቆሚያ ነው መኪናዬ።»

«ሳታገኘኝ እንዳትወጣ» አለችው። ሱቋን ለይመኙሻል አደራ ብላ ታክሲ ያዘች።

ሆዳን ደርሳ የማዳም ሳፊያን በር ስታንኳኳ አሠሪዋ ራሷ ከፈተች። ሩቅያ በሶማልኛ የልጅቷ ዘመድ ተገኝቷል፣ ለሰዓት ያህል ብትለቂያት አለቻት። ትሁን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከማጀት ወጣች። ታክሲው ውስጥ ገቡ።

«ትናንት ዋሽቼሻለሁ» አለች ሩቅያ መስኮቱን እያየች። «ባሌ ነው።»

ትሁን መጀመሪያ የሰማችው አልመሰለም። ቀጥላ ፎቶውን ከጉያዋ አውጥታ አየችው። መልሳ ሩቅያን አየቻት። «በሕይወት አለ?» አለች። ከዚህ በቀር የጠየቀችው የለም። ለምን ዋሸሽኝ እንኳ አላለችም። ሩቅያ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

አብዱላሂ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ የዲሹን ብሎን ያስራል። ሩቅያ በሚሰማው ጆሮው በኩል ዞራ፣ «አብዱላሂ፣ ሰው ይዤልህ መጥቻለሁ» አለችው። ዘወር ሲል ከደረጃው ጫፍ የቆመችውን ልጅና በእጇ የያዘችውን ፎቶ አየ። ዓይኑ ወደ ሩቅያ ተመለሰ፤ እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም።

«ሽብሩ ሞቷል ብያለሁ» አለ።

«ልጅህ ናት። ትሁን ናት።»

ትሁን ከደረጃው አልተንቀሳቀሰችም። «አባባ» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እሱ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ እጁ በዲሹ ቅባት ተለውሷል፤ በክንዱ ጭንቅላቷን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሩቅያ ፊቷን ወደ ወደቡ አዞረች። መርከቦቹ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«እናታችን አረፈች» አለች ትሁን።

«ደጉስ?»

ትሁን ከመመለሷ በፊት ሩቅያ ዞረች። ይህን ከእሷ አፍ እንዲሰማው ፈለገች፤ ለምን እንደፈለገች ራሷም አላወቀችም። «ደጉ ቡሬ ነው። መድፈኛ ሆኗል። ከጥቁሩ ኮረብታ ጀርባ ነው ያሉት፤ ትናንት ማታ ባሳየኸኝ ሸለቆ ውስጥ።»

አብዱላሂ ወደ ዲሹ ተመለሰ። የቀረውን አንድ ብሎን በመፍቻው አጥብቆ አሰረ። ከታች ሕፃናት «መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹ። ያኔ መፍቻውን አስቀምጦ ጣሪያው ላይ ተቀመጠ።

«ምንድነው? ምን ሆነ?» አለች ትሁን።

«ልጄ የሚሞትበትን ቁጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ» አላት።

ሩቅያ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ኤምባሲ ሂድ። ስልክ ይደውሉ። አንተ ለምን ትሄዳለህ?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? አንድ አብዱላሂ የሚባል ዲሽ ተካይ ጦሩ የተደበቀበትን ቦታ አውቃለሁ ቢል፣ መጀመሪያ ከማን ሰማህ ነው የሚሉት። እነሱ እስኪመረምሩኝ ውጊያው ያልቃል። እኔው ሄጄ አዛዡን ቆሜ ማሳየት አለብኝ።»

«መታወቂያህ አብዱላሂ ይላል። እዚያ ደርሰህ ሽብሩ ነኝ ልትል ነው። ሰላይ ነህ ቢሉህስ?»

«የድሮ መድፈኞችን ከየቤታቸው ጠርተዋቸዋል፤ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ከነሱ አንዱ እኔ ያስተማርኩት መሆኑ አይቀርም።»

ወዲያ ማዶ ያለውም ያስተማርከው ነው ልትለው ነበር። ትሁን ስላለች ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ፔካ ዱዝ፣ መኪናዎቹ በአቧራ ውስጥ ተራ ይዘው በቆሙበት፣ ጫላ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር። ሩቅያ ዳቦና ቴምር ቋጥራ፣ ሙኒራን አዝላ መጣች። ባሏ የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ኮምፓሱን ከመሣሪያ ቦርሳው አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ቦርሳውን ለሩቅያ ሰጣት።

«መድፎቹ ከዚያ ይውጡ እንጂ በነጋታው እመለሳለሁ» አላት።

«ልጅህን አውጥተህ ና። ብቻህን እንዳትመጣ።»

ሙኒራን ስሞ ጋቢና ገባ። «ጋሼ፣ በሩን ጠበቅ ያድርጉት፣ አይዘጋም» አለው ጫላ። እሱም በሩን ስቦ፣ ከፊታቸው ያለውን መንገድ አይቶ፣ የጋሌፊን የድንበር ኬላ ከመጨለሙ በፊት ማለፍ እንዳለባቸው፣ የት ላይ እንደሚቆሙ፣ ለፍተሻ የሚናገረው እሱ ብቻ እንደሆነ አጠር አጠር አድርጎ ተናገረ። ሩቅያ ይህን ድምፅ አታውቀውም። ጫላም ሳያስበው «እሺ ሻለቃ» አለ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ባሏ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ፤ ፊቱ ፈክቶ፣ ዓመታት ተቀንሰውለት ወጣት ሆኖ ታያት። የፎቶውን ሰው አየችው። ያኔ ፈራች፤ ከቀኑ ሁሉ ይልቅ ያኔ ፈራች።

ጫላ በተመለሰ ጊዜ ከገበያው በፊት ወደ ቤቷ ነው የመጣው። ትሁንም ለመኖር እዚያው ገብታ ነበር።

«ዲቾቶ ላይ ወታደሮች አወረዱት» አለ። «ሻለቃ ሽብሩ ነኝ፣ መድፈኛ ነኝ፣ አዛዣችሁን አምጡ አላቸው። ልጆቹ መታወቂያውን አይተው ሳቁበት። አንዱማ መሣሪያውን አቀባብሎበት ነበር። እኔ አበቃለት ብዬ ነበር። ኋላ ከድንኳን አንድ ጠጉሩ የሸበተ ሻምበል ወጣ። አየው፤ አየው፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። በጂፕ ይዘውት ሄዱ።»

ትሁን እልል ልትል አፏን ከፍታ ሩቅያን አይታ ተወችው።

የካቲት ገባ። በነጋታው እመለሳለሁ ያለው ሰው አልተመለሰም። ሬዲዮው በሌሎች ግንባሮች ውጊያ ተጀመረ አለ። ቀጥሎ ቡሬ አለ። ሁለቱ ሴቶች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያጥባሉ፣ አንዳቸውም ስሙን አያነሡም። ትሁን ማታ ማታ የሙኒራን ጠጉር ትሠራለች። ጫላን ሲያገኙት የዲቾቶ መንገድ ተዘግቷል ይላል፤ ቁስለኛ የጫኑ መኪናዎች ወደ ሚሌ ሲያልፉ አይቷል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም።

አንድ ከሰዓት፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ጅብሪል ከመንገዱ ማዶ ተጣራ። ስልክ ነው፤ ከኢትዮጵያ ነው። ትሁን በባዶ እግሯ ሮጣ ደረሰች። ሩቅያ ስትደርስ ትሁን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ደጉ? ደጉዬ?» ትል ነበር፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። የሱቁን ጠረጴዛ ይዛ ቁልቁል ተቀመጠች። ስልኩን ሳታየው ወደ ሩቅያ ዘረጋችላት።

«ሃሎ» አለች ሩቅያ።

«እትዬ ሩቅያ? እርስዎ ነዎት?» ድምፁ ገና ልጅነት ያልለቀቀው ነው። «ቁጥሩን የሰጠኝ አባባ ነው። አንድ ነገር ከሆንኩ ለእሷ ደውልላት ብሎኝ ነበር።»

ሩቅያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆመች። መንገዱ ላይ ሰዎች ጫታቸውን አቅፈው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። «በነጋታው እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር» አለች።

«መድፎቹን ያወጣን ዕለት ሊመለስ ነበር። ሻምበሉ ውጊያው እስኪያልፍ ቆዩልን አሉት፤ ቆየ። ግን እሳቸው ስላሉት የቆየ አይመስለኝም እትዬ።»

«ሸለቆውስ?»

«ባዶውን ደበደቡት። በመጀመሪያው ሰዓት። ግራር የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ሁሉንም አነደዱት። ብንቀር አንድ ሰው አይተርፍም ነበር። እኛ ከዚያ ራቅ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሆነን እናያለን። አባባ ቆሞ፣ ዮሳዲቅ ነው፣ እዩት፣ አንዱንም አልሳተም ይላል። ደስ ብሎት ነበር።»

ስልኩ ለአፍታ አፏጨና ተመለሰ።

«ከዚያ ተኩሱ ቆመ። አባባም፣ ዮሳዲቅ ባዶ መሆኑን አውቋል፤ ያስወጣችሁ እኔ መሆኔንም አውቋል፤ አሁን እኔ ብሆን የት እንደምሄድ እያሰበ ነው አለኝ። ቦታ እንዲያስለውጡ ለሻምበሉ ነገራቸው፤ መድፎቹን መንቀል ጀመርን። እኔን የስልክ ሽቦ አስይዞ ወደ ኮረብታው ላከኝ። አልሄድም ስለው ሰው ፊት በጥፊ መታኝ። መንገድ ላይ እያለሁ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያው ጥይት እሱ የቆመበት ላይ ነው የወደቀው።»

ሩቅያ የሞተውን ሰው ስም ለመጥራት አፏን ከፈተች፤ አብዱላሂ ልበል ሽብሩ ልበል ስትል ሁለቱንም ሳትጠራ ቀረች። ትሁን እግሯን አቅፋ ታለቅሳለች። ጅብሪል በርጩማ አምጥቶ ከኋላዋ አኖረላት፤ አልተቀመጠችም።

«ስማኝ ልጄ» አለች። «እዚህ ቤት አለህ። ትሁን እዚህ ናት። አይተሃት የማታውቅ ሌላ እህትም አለችህ። ያንን ነገር ተወውና ና። ሾፌር እልክልሃለሁ። አባትህ የሄደው አንተን ሊያወጣ ነው።»

«አልችልም እትዬ።»

«ለምን አትችልም? ልጅ አይደለህ እንዴ? ፍቃድ ጠይቅ፣ አባቴ ሞተብኝ በል።»

«ፍቃድማ ሰጥተውኝ ነበር» አለ ደጉ። ከኋላው የከባድ መኪና ሞተር ይሰማል፤ አንድ ሰው በማዕረጉ ይጠራዋል፤ «መጣሁ!» ብሎ መለሰ። ወደ ስልኩ ሲመለስ ድምፁ ተለውጧል፤ አጠር ያለ፣ የተረጋጋ ሆኗል። «አባባ ስሌቱን አስተምሮኛል። በየቀኑ አሸዋ ላይ እየጻፈ። የዚያን ሰውዬ አስተሳሰብ ሁሉ ነግሮኛል፤ ምን እንደሚወድ፣ የት እንደሚሸሽ። ሻምበሉ አንተ የአባትህ ጭንቅላት አለህ አሉኝ።»

«ደጉ፣ እባክህ።»

«አይዞዎት እትዬ፣ አያልቅሱ። እመጣለሁ፤ ግን አሁን አይደለም» አላት። «አሁን እኮ ያለ እኔ አይተኩሱም።»